ግልባጭ፦ ለባለጉዳዩ

ግዕዙ «መዝገብ» ሲል ሀብት ማለቱ ነው። የከበረ ነገር የሚከማችበት ዕቃ ቤት፣ ግምጃ ቤት። መዝገበ ቃላት የምንለውም የቃላት ግምጃ ቤት ስለሆነ ነው። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርባቸው ዓመታት፣ ቃላት ከዘመን ዘመን ሲሻገሩ የመጀመሪያ ትርጉማቸውን መንገድ ላይ እየጣሉ ነው የሚሄዱት እያልኩ ለተማሪዎቼ አስረዳ ነበር። መዝገብ ግን ምንም የጣለው ነገር የለም። እስቲ ወደ አንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ፍርድ ቤት ጎራ በሉና «መዝገብ ቤት» የሚል የተጻፈበትን በር ፈልጉ። በሩ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። ከፍርግርጉ ወዲያ አቧራ የጠጣ የዶሴ ክምር አለ። ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ሰውየው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው። ግምጃ ቤት ማለት ታዲያ ከዚህ ሌላ ምንድነው?

ዛሬ የምተቸው ልብ ወለድ አይደለም፤ ግጥምም አይደለም። ሁለት ጽሑፎችን ጎን ለጎን ላነብ ነው የተነሳሁት። አንደኛው በነጋሪት ጋዜጣ የታተመ ነው። ሁለተኛው የትም አልታተመም፤ ነገር ግን ከነጋሪት ጋዜጣው ይልቅ ሕዝቡ በቃሉ የሚያውቀው፣ በመስኮት በኩል የሚነገር ጽሑፍ ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ተራ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ የተጻፈ ወረቀት ፍለጋ ፖሊስና ፍርድ ቤት ደጃፍ ሲቆም ምን ይባላል?

በታተመው እንጀምር። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት፣ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በአንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት የመሰማት፣ የቀረበበትን ማስረጃም የመመልከት መብት እንዳለው ይናገራል። ችሎት በዝግ ሊታይ የሚችለው የተከራካሪዎችን የግል ሕይወት፣ የሕዝብን ሞራልና የአገርን ደህንነት ለመጠበቅ ሲባል ብቻ ነው። ከዚያ በ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 590 መጣ፤ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የጋዜጠኛውን ክፍል ሲተካ፣ የመረጃውን ክፍል ባለበት ተወው።

ይህን አዋጅ እንደ ድርሰት ሳነበው ደስ ይለኛል። ዋናው ገጸ ባሕርይ «ማንኛውም ሰው» ነው። ጋዜጠኛ አይልም፣ ባለሥልጣን አይልም፣ የተማረ አይልም። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ ይጠይቃል፤ ጥያቄውን በወረቀት የማስፈር ግዴታ ያለበት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው። መልሱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት፤ ምክንያት ካለ ቀኑ ሊራዘም ይችላል። መከልከልም ካለ ክልከላው ምክንያቱ ተዘርዝሮ በጽሑፍ ይሰጣል። ጠያቂው ቅር ካለው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል። እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀምጬ አደንቃለሁ። «እንባ ጠባቂ»! በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ለተቋቋመ መሥሪያ ቤት ይህን ስም ያወጣ ሰው ገጣሚ መሆን አለበት። ሌላው ዓለም በባዕድ ቃል የሚጠራውን ሹመት፣ የእኛ ሰው ከጉንጭ ላይ ጀመረው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጽሑፍ፣ ወደ መስኮቱ እንሂድ። እዚያ «ማንኛውም ሰው» የሚባል ገጸ ባሕርይ የለም። በእሱ ፋንታ ጥያቄ ይመጣል፦ «እርስዎ ለተጎጂው ምኑ ነዎት?»፣ «ለምን ፈለጉት?»፣ «ማን ላከዎት?»። ጥያቄው ሁሉ ከተመለሰ በኋላ የአገራችን እጅግ አጭሩ ልቦለድ ይነበባል። ሁለት ቃል ነው፦ «ደብዳቤ ያምጡ»። ከየት? ከማን? ምን የሚል? ታላላቅ ደራስያን ብዙውን ነገር ለአንባቢው ምናብ ይተዋሉ ይባላል። መስኮቱም እንደዚያው ያደርጋል።

የመስኮቱን ሰዋስው ልብ በሉልኝ። «መዝገቡ ተልኳል።» «ፋይሉ አልተገኘም።» «ጉዳዩ እየታየ ነው።» «ይነገርዎታል።» ማን ላከው? ማን አጣው? ማን ነው የሚያየው? ማን ነው የሚነግረኝ? አማርኛ ሰዋስው ስንማር አድራጊውን «ባለቤት» እያልን ነበር የምንጠራው። የመስኮቱ ዓረፍተ ነገሮች በዚህ አነጋገር ባለቤት አልባ ናቸው። ደራሹም ይህንኑ ነው የፈለገው። ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር ተጠያቂ የለውም። አሳዛኙ ነገር፣ መስኮቱ ላይ የቆመውን ሰው «ባለጉዳይ» ብለን መጥራታችን ነው። ቃሉ ሲፈታ የጉዳዩ ባለቤት ማለት አይደለም እንዴ? ቤቱ ውስጥ ባለቤት ተብሎ የሚጠራው ብቸኛ ሰው፣ ወረቀቱን እንዳያይ የሚከለከለው እሱው ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። አንድ ጉዳይ ላንሳ። ጣቢያውንም፣ ችሎቱንም፣ የሰዎቹንም ስም አልጠራም።

ከቃሊቲ ወጥታችሁ በአሮጌው የደብረ ዘይት መንገድ ስትወርዱ፣ ዱከም ሳትደርሱ ገላንን ታገኛላችሁ። የፋብሪካና የመጋዘን ከተማ ናት። ከባድ መኪናው አያቋርጥም፤ የአዳማ የፍጥነት መንገድ ከተከፈተ በኋላም አሮጌው መንገድ ሥራ አልፈታም። በዚያ መስመር የምትኖር አንዲት የማውቃት እናት ልጇ በማለዳ ወደ ሥራ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሹፌሩ አልጠፋም፤ ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አንስቷል፤ ምስክር ቃሉን ሰጥቷል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ስላስገደደ፣ ልጁ የሚካስበት መንገድ አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፖሊስ ሪፖርቱና የመዝገቡ ግልባጭ።

እናትየው ጣቢያ ሄደች። «መዝገቡ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄዷል» ተባለች። ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደች። «ክስ ተመሥርቷል፤ ፍርድ ቤት ይጠይቁ» ተባለች። ፍርድ ቤት ሄደች። «የመዝገብ ቁጥር?» አሏት። ወደ ጣቢያው ተመልሳ ቁጥር ጠየቀች፤ ሰጧትም። በዚያ ቁጥር ፍርድ ቤት ቢፈለግ ምንም የለም። ለካ የፖሊስ የምርመራ ቁጥር ሌላ፣ የዐቃቤ ሕጉ ሌላ፣ የፍርድ ቤቱ ሌላ ነው። አንድ ልጅ፣ አንድ እግር፣ ሦስት ቁጥር። «ጋሼ» አለችኝ ማመልከቻ እንድጽፍላት የመጣች ዕለት፣ «የተቆጣኝ እንኳ የለም። ሁሉም ‹እናቴ› ነው የሚሉኝ። ወረቀቱን ግን የሚሰጠኝ አጣሁ።»

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የገረመኝ፣ ማንም አለመዋሸቱ ነው። ፖሊሱ እውነቱን ነው፤ መዝገቡ ሄዷል። ዐቃቤ ሕጉ እውነቱን ነው፤ ክስ ተመሥርቷል። ጸሐፊውም እውነቱን ነው፤ ያለ ቁጥር መዝገብ ፈልጎ ማውጣት ከባድ ነው። ሦስት እውነት ተደምሮ አንድ ሐሰት ወጣው፤ መብት አለሽ የሚለው አዋጅ ሐሰት ሆነ። በመጨረሻ ወረቀቱ የተገኘው፣ አንዲት ወጣት የችሎት ጸሐፊ ከሥራ ሰዓቷ ቀንሳ በአደጋው ቀንና በሹፌሩ ስም መዝገቡን ፈልጋ ስላወጣችላት ነው። እግዜር ይስጣት። ነገር ግን መብታችን ደግ ሰው መስኮቱ ላይ በተረኛነት እስኪቀመጥ የሚጠብቅ ከሆነ መብት አይባልም፤ ዕጣ ነው የሚባለው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች ደግሞ ነገሩ አንድ ድርብ ይጨምራል። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን በ2000 ዓ.ም. በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር ተዋቀሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 12 ክፍለ ከተሞች ባሉት በሸገር ከተማ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል ወሰን ስለተካለለ፣ ማታ በአንዱ አስተዳደር ተኝቶ ጠዋት በሌላው የነቃ መንደር አለ። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ማኅተም ይቀየራል፣ ቢሮ ይቀየራል፣ ዶሴውም ጓዙን ጠቅልሎ ይጓዛል። አዲሱ ከተማ ሲመሠረት በቴሌቪዥን ሰምተናል። ዶሴው የት ቤት እንደ ገባ ግን ማን ነገረን?

እዚህ የሚኖር ሰው ገላን አድሮ ቃሊቲ ይውላል። ማታ ሲመለስ ከወሰኑ ወዲህ ቢገጭ የአዲስ አበባ ፖሊስ፣ ሃምሳ እርምጃ ወዲያ ቢገጭ የኦሮሚያ ፖሊስ ነው። ወዲህ የፌዴራልና የከተማው ፍርድ ቤቶች፣ ወዲያ የክልሉ ፍርድ ቤቶች አሉ። መዝገቡ የሚኖረው ተጎጂው በሚኖርበት ሳይሆን ድርጊቱ በተፈጸመበት ነው። ይህ በሕግ ትክክል ነው፤ ምስክሩም ቦታውም ያሉት እዚያው ነውና። ግን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለሰዉ የሚነግር ማስታወቂያ በየጣቢያው በር ላይ ቢለጠፍ ስንት ጫማ ይተርፍ ነበር!

ቋንቋውም አለ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 5 ለክልሎች የሰጠው ሥልጣን ነው፤ ማንም ቅር ሊለው አይገባም። እኔ በአማርኛ የጻፍኩላት ማመልከቻ ደጃፉ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ በሚጽፍ ወጣት እጅ ተተርጉሞ ነው የገባው። ያው ችግር በግልባጩም አለ። የሱሉልታ ገበሬ ልደታ ችሎት ሲቆም የሚሰጠው ውሳኔ የተጻፈበትን ቋንቋ ላያነብ ይችላል። በገላን የተፈረደ ጉዳይም በፌዴራሉ ሰበር ሰሚ ችሎት ሊታይ ሲል ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት። ሕገ መንግሥቱ ለተከሰሰ ሰው በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይሰጠዋል። ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ ለሚሄደው ሰው ግን አስተርጓሚው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የልጁን ውጤት ደግሞ የምናውቀው ይግባኙ ሲዘጋ ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ምን ያህል እንደሚግባቡ ብታዩ! አማርኛው «አቤቱታ» ያለው «አቤት» ከሚለው ጩኸት ነው። አፋን ኦሮሞው ማመልከቻን «ኢያታ» ይለዋል፤ እሱም ከመጮህ ነው የመጣው። መዝገብን «ገልሜ» ይለዋል፤ መዝገበ ቃላትን ደግሞ «ገልሜ ጄቾታ»። ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ዶሴውንና መዝገበ ቃላቱን ሁለቱም በአንድ ስም ጠሩ። መዝገበ ቃላት ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? ቃሉን የፈለገ ሁሉ የሚገልጠው። ማንም «አንተ ለቃሉ ምኑ ነህ?» አይልም።

ለምን እንዲህ ትጨነቃለህ የሚለኝ ይኖራል። የምጨነቀው ወረቀቱ ሰዓት ስላለው ነው። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚባለው ፍርዱ ከተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። በወንጀል ጉዳይ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ማለቱን በ15 ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ፣ የይግባኙንም ማመልከቻ የፍርዱን ግልባጭ ካገኘ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ እንዲያስገባ ነው የደነገገው። እንግዲህ አስቡት። በፍትሐ ብሔሩ «ነገ ይመለሱ» የተባለ ሰው የሚከፍለው ከራሱ 60 ቀን ነው። በወንጀሉ ደግሞ ግልባጩ በዘገየ ቁጥር የይግባኙ ሰዓት ቆሞ ይጠብቀው ይሆናል፤ ሰውየው ግን እስር ቤት ሆኖ ነው የሚጠብቀው። ለመስኮቱ አንድ ቀን ማለት አንድ የሻይ ዕረፍት ነው፤ ለባለጉዳዩ ግን ከስልሳው አንዱ ነው።

ሁሉም መዝገብ ለሁሉም ይከፈት እያልኩ አይደለም። ምርመራው ያላለቀ ጉዳይ አለ፤ ቢከፈት ወንጀለኛው ይሸሻል። በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 699 ጥበቃ የሚደረግለት ምስክር አለ፤ ስሙ ቢወጣ ሕይወቱ ይወጣል። ሕፃናት አሉ፤ የተደፈሩ ሴቶች አሉ። የመረጃ ነፃነት አዋጁም እነዚህን በሚገባ ለይቶ ከልሏል። እኔን የሚያናድደኝ የክልከላው መኖር ሳይሆን መገልበጡ ነው። መሸፈን ያለበት ተገልጦ፣ መገለጥ ያለበት ተሸፍኖ አይተናል። በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባሉት ፊልሞች፣ ተከሳሾቹ ገና በክርክር ላይ ሳሉ በመንግሥት ቴሌቪዥን ታዩ። በሁለተኛው ላይማ በምርመራ ወቅት የተቀረጸ የተያዙ ሰዎች ቃል በየሳሎናችን ተሰማ። ያን ጊዜ «ለምን ፈለጋችሁት?»፣ «ለተከሳሹ ምኑ ናችሁ?» ያለን የለም። ለአገር ሁሉ የተከፈተ መዝገብ ለባለቤቱ እናት ሲዘጋ፣ ጉዳዩ የምስጢር ጥበቃ መሆኑ ያበቃል። የቁልፉ ጉዳይ ይሆናል።

አባቶቻችን ስለ ወረቀት ምን ያስቡ ነበር? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የርስትና የጉልት ስጦታ በየደብሩና በየገዳሙ በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር። የሰጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ የምስክሮቹ ስም ይሰፍርና፣ መጨረሻው ላይ ይህን ያፈረሰ የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ይታከልበታል። ያ ዘመን የፍትሕ ገነት ነበር ለማለት አይደለም፤ ገባሩ ምን እንደ ተጻፈበት አያነብም ነበር። ነገር ግን መዝገቡ የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ደብሩ ውስጥ ነው፤ ምስክሮቹም የሰፈሩ ሽማግሌዎች ናቸው። የዛሬው የገላን ነዋሪ ማንበብ ይችላል፤ የማያውቀው መዝገቡ የት እንዳለ ነው።

ወረቀት ተከፍቶ የሚሠራውን ሥራም በራሳችን አገር አይተናል። በ1984 ዓ.ም. የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም፣ ከዋነኛ ምስክሮቹ አንዱ የደርግ የራሱ ወረቀት ሆነ። ያ መንግሥት ሰው ሲገድልም ቃለ ጉባኤ ይይዝ፣ ይፈርም፣ ማኅተም ይመታ ነበር። ክርክሩ በ1987 ዓ.ም. ተጀምሮ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. የጥፋተኝነት ፍርድ ተሰጠ። በ2002 ዓ.ም. ከዚያ ሥራ የተዘጋጀው ዘገባ «ደም ያዘለ ዶሴ» በሚል ርዕስ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ዶሴ የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ይህን ርዕስ ካነበብኩ ወዲህ ግን የአማርኛ ሆኖብኛል።

ያልተከፈተውስ? ከገላን ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ቃሊቲን ባለፍኩ ቁጥር በዓሉ ግርማ ትዝ ይለኛል። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው ተጥላ የተገኘችው በዚሁ በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ነው። ማን ወሰደው፣ የት አደረሰው ለሚለው ጥያቄ፣ እኛ አንባቢዎቹ እስከ ዛሬ በማኅተም የተረጋገጠ መልስ አላነበብንም። መጻሕፍቱን ለዓመታት አስተምሬያለሁ። የሕይወቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ግን ለማንበብ የሚያስፈልገኝ የልቦለድ ሳይሆን የፖሊስ መዝገብ ነበር።

ሌላው ዓለም ይህን መንገድ ቀድሞም ዘግይቶም ሄዶበታል። ስዊድን የመንግሥት ወረቀት ለዜጋ ይከፈት የሚል ሕግ ያወጣችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1766 ነው። ከእኛ ጋር የሚመሳሰለው ግን የሕንዱ ታሪክ ነው። በራጃስታን ገጠር የቀን ሠራተኞች ደሞዛችን ተበላ ብለው የክፍያ መዝገቡን አሳዩን አሉ። በመንደር አደባባይ መዝገብ እየተነበበ፣ የሞተ ሰው ደሞዝ ሲቀበል፣ ያልተሠራ ግድብ ተሠርቶ ሲገኝ ሰዉ በጆሮው ሰማ። ከዚያ እንቅስቃሴ ነው የ2005ቱ የሕንድ የመረጃ መብት ሕግ የተወለደው። መረጃ የምሁራን ቅንጦት ነው ለሚሉ ወዳጆቼ መልሴ ይህ ነው፤ ጥያቄውን የጀመሩት አካፋ የያዙ ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ መስኮቱ እስኪሻሻል ድረስ ምን እናድርግ? ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ከአንድ የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ጥቂት ምክር ተቀበሉ። ማመልከቻ በአገራችን ከሁሉ በላይ የሚጻፍ የድርሰት ዓይነት ነውና።

መጀመሪያ፣ ቃላችሁን ለፖሊስ በሰጣችሁበት ዕለት ሳትነሱ የምርመራ መዝገብ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የመርማሪውን ስም ጻፉ። መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሲሄድ የወጪ ደብዳቤውን ቁጥር ጠይቁ፤ ሦስቱን ቁጥሮች የሚያገናኘው ክር እሱ ነው። ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ የችሎቱን፣ የተከራካሪዎቹን ስምና የቀጠሮውን ቀን ያዙ፤ የምትሄዱት ወደ ሬጅስትራሩ ነው። ማመልከቻው አጭር ይሁን። «በትህትና እየጠየቅሁ» ብላችሁ ገጹን አትጨርሱት። የምትፈልጉትን ወረቀት በስሙ ጥሩት፤ የፍርዱ ግልባጭ ነው? የትራፊክ ሪፖርት ነው? የምስክሮች ቃል ነው? በሁለት ቅጂ አዘጋጁና አንደኛው ላይ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን ይጻፍላችሁ፤ ያለዚያ ማመልከቻችሁ አልተወለደም። ለግልባጩ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ስሙ ሌላ ነው። ግልባጩ ከዋናው ጋር ትክክል መሆኑን የሚገልጽ ማኅተምና ፊርማ ከሌለው ሌላ መሥሪያ ቤት አይቀበላችሁም። ከተከለከላችሁ ደግሞ አትጣሉ፤ በጨዋ ደንብ «ክልከላውን በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። ይህች ዓረፍተ ነገር ተአምር ትሠራለች። ባለቤት አልባው ዓረፍተ ነገር ድንገት ባለቤት ይወጣለታል፤ መፈረም ያለበት ሰው አለና።

ይህ ሁሉ የባለጉዳዩ የቤት ሥራ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ የቤት ሥራ ከዚህ ያነሰ ነው። ለማን ምን ዓይነት ወረቀት በስንት ቀን በስንት ብር እንደሚሰጥ በሁለት ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ጽፎ በር ላይ መለጠፍ ነው። ዋጋው ያልተለጠፈ ወረቀት ዋጋውን የሚተምነው መስኮቱ ነው። የአቤቱታ አቅራቢው ቁጥር በተመዘገበበት ሰዓት በቁራጭ ወረቀት ይሰጠው፤ የጫማ አሳዳሽ እንኳ ቁጥር ይሰጣል። ማድረግ እንደሚቻል ደግሞ ማስረጃ አለን። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 454 የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ከሆነ ወዲህ፣ ውሳኔዎቹ ተጠርዘው ከ20 በላይ ቅጾች ወጥተዋል። አመልካች እገሌ፣ ተጠሪ እገሊት እያለ የሕግ ተማሪ ሁሉ ያነባቸዋል። በዚያ ቅጽ ውስጥ የመሬት ጉዳዩ ለትምህርት የዋለለት ገበሬ የራሱን ፍርድ ግልባጭ በእጁ ይዞ ይሆን? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ቅጹን ማንበብ አቁሜ ስለ ሰውየው ማሰብ እጀምራለሁ።

በመጨረሻ ስለ ደብዳቤዎቻችን ግርጌ አንድ ነገር ልበል። የመንግሥት ደብዳቤ ሲያልቅ በስተግራ በኩል «ግልባጭ፦» የሚል መስመር አለ። ከሥሩ ሰልፍ ይዘው ይወርዳሉ፤ ለእገሌ ጽሕፈት ቤት፣ ለእገሌ ዳይሬክቶሬት፣ ለመዝገብ ቤት። አንዳንዱ ሰልፍ ከደብዳቤው ይረዝማል። ደብዳቤው ስለ ማን እንደ ተጻፈ የሚያውቁት ሁሉ ይደርሳቸዋል፤ ስለ እሱ የተጻፈበት ሰው ግን በሰልፉ ውስጥ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አዲስ አዋጅ፣ አዲስ ሕንጻ፣ አዲስ ሲስተም ከመጠየቃችን በፊት፣ ከዚያ ሰልፍ ጫፍ ላይ አንድ መስመር ይጨመርልን፦ ለባለጉዳዩ።